ጋውቾዎች እንዴት ነው የሚሄዱት?

ጁላይ 15 ቀን 2014 ነው (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ጀርመን አርጀንቲናን ፍጻሜው ላይ አሸንፋ የዓለም ዋንጫ ሪዮ ላይ ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖታል። በርሊን ውስጥ፣ ብራንደንቡርግ በር ፊት ለፊት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዋንጫውን ይዘው የመጡትን ልጆች ሊቀበል ወጥቷል። ተጫዋቾቹ በቡድን በቡድን እየሆኑ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይወርዳሉ። ከነዚህ ውስጥ የስድስቱ ተራ ደረሰ። ሚሮስላቭ ክሎዘ፣ ቶኒ ክሩስ፣ ማሪዮ ጎትዘ፣ አንድሬ ሹርለ፣ ሽኮድራን ሙስታፊ እና በረኛው ሮማን ቫይደንፌለር።

ስድስቱም ተያይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። "ጋውቾዎች እንዲህ ነው የሚሄዱት፣ እንዲህ!" እያሉ ይዘፍናሉ። ጋውቾ ያሉት አርጀንቲናዎችን ነው። ከዚያ ብድግ ብለው፣ ቀጥ ብለው፣ እየዘለሉ "ጀርመኖች እንዲህ ነው የሚሄዱት!" አሉ። ሕዝቡ ጮኸ። ነገሩ ይኸው ነው። ሻይ አፍልቶ ለማቅረብ የሚበቃ ጊዜ እንኳን አልወሰደም።

ወሬው ግን ቀናት ፈጀ። ቀድሞ የተቆጣው ደግሞ የጀርመን ጋዜጣ ነው። አንድ ትልቅ ጋዜጣ ልጆቹ ራሳቸው ላይ ጎል አስቆጠሩ ብሎ ጻፈ። ቦነስ አይረስ ላይ አንድ ስመ ጥር የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነገሩን እስከ ናዚ ድረስ ወሰደው። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ቮልፍጋንግ ኒርስባኽ ልጆቹ በደስታ ነው እንጂ ማንንም ለመናቅ አላደረጉትም አሉ። ለአርጀንቲናው አቻቸው ለሁሊዮ ግሮንዶናም ደብዳቤ እጽፋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ሌላው ጀርመናዊ ደግሞ "ኧረ በቃችሁ! ዋንጫ ያመጣ ልጅ አይጨፍር?" ይል ነበር።

ማን ልክ ነው? እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። ለዚህ ዓይነት ነገር ቢያንስ ሦስት ደረጃ አለን።

የአርሰናል ደጋፊው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የዩናይትድ ደጋፊዎች ሙድ ቢይዙበት፣ ያ ማብሸቅ ነው። ይበሽቃል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ተራውን ይጠብቃል። ቀጥሎ ማዋረድ አለ። የተሸነፈውን ሰው አደባባይ አቁሞ መሳለቅ ነው። ይከብዳል፣ ቂምም ያስይዛል፣ ግን ነገሩ አሁንም በአሸናፊውና በተሸናፊው መካከል ነው። ሦስተኛውን "ዘር ማንዘሬን ሰደበኝ" ስንል እናውቀዋለን። እዚያ ሲደረስ ሜዳ ላይ ያልነበሩ ሰዎች ተጠርተዋል። እናት ተጠርታለች፣ አያት ተጠርቷል፣ አገር፣ ቆዳ፣ የዓይን ቅርጽ ተጠርቷል። ብዙ ሰው "የባህል ስድብ" ሲል ይህንን ሦስተኛውን ማለቱ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው በደረጃዎቹ መካከል የተሰመረ ኖራ ስለሌለ ነው። አሸናፊው ገና የመጀመሪያው ላይ ያለ ይመስለዋል። ተሸናፊው ሦስተኛው ላይ ቆሞ ያየዋል።

እንግዲህ ወደ ጋውቾው እንመለስ። ጋውቾ በአርጀንቲና፣ በኡራጓይና በደቡብ ብራዚል ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ፈረስ እየጋለበ ከብት የሚያግድ ሰው ነው። ድሮ ከተሜው እንደ ወንበዴ ያየው ነበር። ኋላ ላይ ግን የአገር ኩራት ሆነ። አርጀንቲና ዲሴምበር 6ን የጋውቾ ቀን ብላ ታከብራለች። በነሱ ስፓኒሽ አንድ ሰው "ጋውቻዳ ዋለልኝ" ካለ፣ ውለታ ዋለልኝ ማለቱ ነው። በ1978 የዓለም ዋንጫን ሲያዘጋጁም የውድድሩ መለያ ያደረጉት የአርጀንቲናን ማሊያ ለብሶ እንደ ጋውቾ የተሽቀረቀረ ልጅ ነበር። ኮፍያ አድርጓል፣ አንገቱ ላይ መሐረብ አስሯል፣ እጁ ላይ አለንጋ አለ።

ስለዚህ ስሙ በራሱ ስድብ አይደለም። ራሳቸውም ይጠሩበታል። ነገር የመጣው ከጎንበሱ ነው። በሰው ሁሉ ዓይን ጋውቾ ማለት ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ በእግሩ የሚጎተት ጋውቾ በርሊን መድረክ ላይ የተፈጠረ ነው።

ለተጫዋቾቹ መከራከሪያም አለ፣ ቀላል አይደለም። ዜማው የነሱ ፈጠራ አልነበረም። በጀርመን ስታዲየሞች ደጋፊዎች የተጋጣሚውን ስም ብቻ እየቀየሩ የሚዘፍኑት የታወቀ ማብሸቂያ ነው። ጎንበስ ማለቱም "ተሸንፋችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ሄዳችሁ" ማለት ነው። በሁለት የጀርመን ክለቦች መካከል ሲሆን ማንም ጋዜጣ ላይ አይጽፈውም።

በርሊን ላይ ግን ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛ፣ የክለብ ስም በሚገባበት ቦታ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ገባ። ቡድኑን መናገር ቀርቶ የሰዎቹን "አካሄድ" መናገር መጣ። ሁለተኛ፣ ቦታው ራሱ ይናገራል። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ የናዚ ሰልፈኞች ችቦ ይዘው ያለፉት በዚሁ በር ነው። እዚያ ቆሞ "እነሱ ጎባጣ፣ እኛ ቀጥ ያልን" የሚል ጭፈራ የጀርመን ጋዜጠኛ ጆሮ ላይ የሚያሰማው ድምፅ፣ እኛ ቤት ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን ስናይ ከሰማነው የተለየ ነው። ቀድመው የጮኹት ለዚህ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ "ጀርመኖች እንዲህ ነው የሚሄዱት" ካሉት ውስጥ ክሎዘ የተወለደው ፖላንድ ነው። ሙስታፊ ቤተሰቡ ከመቄዶንያ የመጣ አልባኒያዊ ነው። ስለ ዘር ቀጥ ማለትና መጉበጥ ሊያስተምሩ የወጡ ልጆች አልነበሩም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ነገሩ ማዋረድ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ግን አልገባም፣ ደፉ ላይ ቆሞ ነው ያለፈው።

የበለጠ የሚገርመኝ ያው ቡድን ከሳምንት በፊት ያደረገው ነው። ጁላይ 8 ቀን ቤሎ ኦሪዞንቴ ላይ ብራዚልን በገዛ ሜዳዋ 7 ለ 1 ረመረሟት። የመጀመሪያው አጋማሽ 5 ለ 0 ነበር ያለቀው። ተከላካዩ ማትስ ሁመልስ በኋላ እንደተናገረው፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ "ቁም ነገራችንን ይዘን እንጨርስ፣ ሰዎቹን አናዋርድ" ተባብለው ነው የወጡት። የሚያለቅሱ ብራዚላውያን ዓይናቸው ፊት ተቀምጠው ነበር። በርሊን ላይ አርጀንቲናዊ አልነበረም። የሚያሳፍረንን ነገር ብዙ ጊዜ የምናደርገው ባለቤቱ በሌለበት ነው።

የአገራችን ገና ጨዋታ ትዝ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን መንደር ከመንደር፣ ላይ ቤት ከታች ቤት ተከፍሎ በዱላ ሩር ይመታል። ያሸነፈው ወገን ሲጨፍር የተሸናፊውን ሰፈር ይዘልፋል። ሽማግሌም፣ ባለሥልጣንም፣ ባላባትም አይተርፍም። በሌላ ቀን ቢባል ዱላ የሚያማዝዝ ነገር ይባላል። የሚፈቅደው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው ተረት ነው። እንካ ሰላንትያም እንዲሁ ነው፣ ስድቡ ቤት መምታት አለበት፣ ተራ አለው፣ ሁለቱም ተስማምተው ነው የገቡበት።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ተሳዳቢውና ተሰዳቢው ይተዋወቃሉ። ዘንድሮ የተሸነፈ ለከርሞ ያሸንፍና ብድሩን ይመልሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል። ስልክና ካሜራ ይህንን ሁሉ አፈረሰው። በጨዋታው ውስጥ ለነበሩት የተባለ ነገር ስለ ጨዋታው ምንም ለማያውቅ ሰው ይደርሳል። ፀሐይ ብትጠልቅም ቪዲዮው አይጠልቅም።

አርጀንቲናዎች ራሳቸውም በማብሸቅ የታወቁ ናቸው። በዚያው በ2014 ብራዚል ጎዳናዎች ላይ ወር ሙሉ አንድ ዘፈን ሲዘፍኑ ከረሙ። አባትሽ ቤትሽ መጥቶ እየተቀመጠ ምን ይሰማሻል ብራዚል? ዓይነት ነገር ነው። በ1990 ቱሪን ላይ ካኒጂያ ያገባውን ጎል ያነሳል፣ ማራዶና ከፔሌ ይበልጣል ይላል። ብራዚላውያን በሽቀው ሊሞቱ ነበር። ቢሆንም ዘፈኑ የሚያወራው ስለ ኳስ ነው። ለመመለስም ኳስ ይበቃል። ጀርመን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ማራካና ውስጥ ማን እንደጨፈረ መገመት አያቅትም።

አሁን ከዚህ ጋር የ2024ቱን አስተያዩት። ጁላይ 14 ቀን አርጀንቲና ኮሎምቢያን 1 ለ 0 አሸንፋ ኮፓ አሜሪካን ወሰደች። አውቶቡስ ውስጥ ተጫዋቾቹ ይዘፍናሉ። የቼልሲው ኤንዞ ፈርናንዴዝ በስልኩ በቀጥታ ያስተላልፋል። ዘፈኑ ከኳታሩ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ደጋፊዎች ሲሉት የቆየ ነው። የፈረንሳይ ተጫዋቾች ለፈረንሳይ ይጫወታሉ እንጂ ከአፍሪካ የመጡ ናቸው፣ የእናትና የአባታቸው አገር እንዲህ ነው፣ ወረቀታቸው እንዲህ ይላል እያለ ይቀጥላል።

ያን ቀን እኮ ተጋጣሚዋ ፈረንሳይ አልነበረችም! ኮሎምቢያን አሸንፈው የፈረንሳይን ጥቁር ተጫዋቾች ወላጆች ያነሳሉ። ዘፈኑ ውስጥ ጎል የለም፣ የተሳተ ፍጹም ቅጣት ምት የለም፣ ኳስ የሚባል ነገር የለም። ያለው የሰው ትውልድ ብቻ ነው። የቼልሲ መልበሻ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከኤንዞ ጎን ልብስ የሚቀይሩ በርካታ ጥቁር ፈረንሳውያን ነበሩ። ከነሱ አንዱ ዌስሊ ፎፋና ቪዲዮውን አውጥቶ ያለ ምንም ይሉኝታ የተደረገ ዘረኝነት ነው አለ። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ፊፋ ድረስ እከሳለሁ አለ። ኤንዞ ይቅርታ ጠየቀ፣ የደስታ ስካር ወስዶኝ ነው ብሎ።

ከዚያ ፖለቲካ ገባበት። የአርጀንቲናዋ ምክትል ፕሬዝዳንት ቪክቶሪያ ቪያሩኤል ቅኝ ገዥ አገር አያስተምረንም ብለው ተነሱ። ከመንግሥት ባለሥልጣናት መካከል የስፖርቱ ኃላፊ ሁሊዮ ጋሮ ሜሲ እንደ አምበል ይቅርታ ቢጠይቅ ጥሩ ነው አሉ፣ ወዲያው ከሥራ ተነሱ። ፈረንሳይ ቅኝ ገዥ ነበረች፣ ይሄ ሐቅ ነው። ነገር ግን ቅኝ የተገዛውን ሰው የልጅ ልጅ ሰድቦ ቅኝ ገዥን ሰደብኩ ማለት እንዴት እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም።

በመሐል የበረኛው የኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ ነገር አለ። ዲሴምበር 2022 አርጀንቲና ፈረንሳይን አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ከወሰደች በኋላ ቦነስ አይረስ ላይ፣ የምባፔ ፊት የተለጠፈበት አሻንጉሊት ታቅፎ ሲጨፍር ታየ። ፈረንሳዮች በጣም ተናደዱ። እኔ ግን ይህን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው የማስቀምጠው። አንድ ሰው አንድን ሰው ነው የተሳለቀበት። ምባፔ በፍጻሜው ሦስት ጎል ያገባው እሱ ላይ ነበር። ብልግና ነው፣ የዘር ነገር ግን የለበትም።

"እኔ እንዲያ ለማለት አልፈለግኩም" የሚለውስ መልስ? በ2017 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ደቡብ ኮሪያ ላይ ነበር። ኡራጓይ ከፖርቱጋል ስትጫወት ፌዴሪኮ ቫልቬርዴ ጎል አግብቶ የዓይኑን ጫፍ በጣቱ ስቦ አጠበበ። እሱ "አገር ቤት ላለ ጓደኛዬ ነው" አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። በኡራጓይ ዓይኑ ጠበብ ያለ ልጅ "ቻይናው" በሚል ቅጽል ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። ግን ያንን ምልክት ያሳየው ኮሪያ ውስጥ፣ ኮሪያውያን በተቀመጡበት ስታዲየም ነው። ሐሳቡ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ለሰው የደረሰው ጣቱ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር፣ ኮሎምቢያዊው ኤድዊን ካርዶና ያንኑ ምልክት በወዳጅነት ጨዋታ ለኮሪያ ተጫዋች አሳየ። ፊፋ አምስት ጨዋታ አገደው፣ 20 ሺህ የስዊስ ፍራንክም ቀጣው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ግን ማንንም ሳያፌዙ የራስን ነገር አውጥቶ ማሳየት ነው። ጁን 22 ቀን 2018 ካሊኒንግራድ ላይ ስዊዘርላንድ ሰርቢያን 2 ለ 1 አሸነፈች። ጎሎቹን ያገቡት ግራኒት ዣካና ዠርዳን ሻቺሪ፣ ሁለቱም ቤተሰባቸው የኮሶቮ አልባኒያዊ ነው። እጃቸውን አጣምረው የአልባኒያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ራስ ንስር ሠሩ። የዣካ አባት በዩጎዝላቪያ ዘመን በፖለቲካ ታስረው ነበር። ለልጁ ምልክቱ ቤቱ ነው። ኮሶቮን የራሷ ግዛት ለምትለው ሰርቢያ ግን ቁስል ላይ የተነሰነሰ ጨው ነው። ፊፋ እያንዳንዳቸውን 10 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። ምክንያቱን ሲሰጥ ፖለቲካ ነው አላለም፣ ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጪ የሆነ ድርጊት ነው አለ። ብልጠት ነው።

በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ደግሞ የቱርኩ ሜሪህ ዴሚራል ላይፕዚግ ላይ ኦስትሪያን በሁለት ጎሉ አሸንፎ በጣቱ የተኩላ ራስ ሠራ። ቱርኮች ጥንታዊ ምልክታችን ነው ይላሉ። ጣቶቹን እንዲያ ማድረግ ግን የአንድ ጽንፈኛ ብሔርተኛ እንቅስቃሴ ሰላምታም ነው። ኦስትሪያ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ በሕግ ከልክላዋለች። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ሁለት ጨዋታ አገደው። ቱርክ ሩብ ፍጻሜውን ያለ እሱ ተጫውታ በኔዘርላንድስ 2 ለ 1 ተሸነፈች።

የአሜሪካኗን የአሌክስ ሞርጋንን ሻይ ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ2019 ሊዮን ላይ እንግሊዝ ላይ ጎል አግብታ፣ ትንሿን ጣቷን አውጥታ ሻይ እንደምትጠጣ ሆነች። እንግሊዝ ውስጥ ተቆጡ። ባህል ነክ ነበር ወይ? አዎ፣ ሻይ ባህላቸው ነው። ስድብ ነበር? በሻይ ምክንያት ተንቆ፣ ተሰዶ፣ ሥራ ተከልክሎ የሚያውቅ እንግሊዛዊ ካለ ንገሩኝ።

ሕጉ ምን ይላል ካላችሁ አጭር ነው። የጨዋታው ደንብ ደስታውን ሲገልጽ የሚያሾፍ ወይም የሚተናኮል ተጫዋች ቢጫ ይሰጠው ይላል። የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ በዘር፣ በቀለም፣ በትውልድ አገር ወይም በሃይማኖት የሰውን ክብር የነካ ተጫዋች ቢያንስ 10 ጨዋታ ይታገድ ይላል። ከቢጫ እስከ 10 ጨዋታ ያለው ርቀት ሰፊ ነው። በመሐሉ ያለውን ማን እንደሚለካው ግን ደንቡ ውስጥ አይገኝም፣ በየጉዳዩ የዳኛና የኮሚቴ ስሜት ነው።

በኛ ሊግ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ ሀድያ ሆሳዕና የሚሉት ስሞች የክለብም የሕዝብም ስሞች ናቸው። አንድ ደጋፊ "እነዚህ ከንቱ ናቸው" ሲል አሥራ አንዱን ልጆች ይሁን ሕዝቡን፣ ሰሚው እንዴት ይለየው? ሌላ ቦታ ማብሸቅን ዘር ማንዘር ለማድረግ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። እኛ ጋ የክለቡን ስም መጥራት ይበቃል። ከ2017 እና 2018 ጀምሮ የአንዳንድ ክለቦች ጨዋታ በሁለቱም ከተማ መካሄድ አቅቶት ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተወሰደበትን ጊዜ የኳስ ተመልካች አይረሳውም። አንዳንዶቹ ጨዋታዎች ላይ ከኳሱ ይልቅ የሚያስፈራው የደጋፊው ዜማ ነበር።

የበርሊኑ ጭፈራ ካለፈ ከ50 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2014፣ ጀርመንና አርጀንቲና ዱሰልዶርፍ ላይ በወዳጅነት ጨዋታ ተገናኙ። አርጀንቲና 4 ለ 2 አሸነፈች። ለጀርመን ሁለቱን ጎሎች ያገቡት ሹርለና ጎትዘ ናቸው። ጎንበስ ብለው መድረክ ላይ ከወጡት ስድስቱ ሁለቱ።